ሦስት ውሃ፣ አንድ ባልዲ፦ የምዕራብ ሸዋን ትንንሽ አገር በቀል ዓሦች መለየትና ማኖር

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ማኅበረሰብ የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ እንዳልቀረ እገምታለሁ። በአገራችን ስለ ዓሣ ሲነሣ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው የጣና፣ የዝዋይ ወይም የጫሞ ሐይቅ ነው፤ ቀጥሎም ጥብሱና ጉላሹ። ስለ ሸዋ ደጋ ጅረቶች ዓሣ፣ ያውም ከጣት ስለማይበልጠው ዓሣ፣ የሚናገር ሰው ብዙ አይደለም። እኔ ግን በዚህች ምሽት አንድ ነገር ላሳምናችሁ እሻለሁ። ይኸውም ከዚህ አዳራሽ በእግር ሊደረስባቸው በሚችሉ ጅረቶች ውስጥ የሚኖሩት ትንንሽ ዓሦች ገና በቅጡ ያልተነበቡ ሰነዶች መሆናቸውን፣ እነዚህን ሰነዶች ለማንበብ ውድ መሣሪያ እንደማያስፈልግ፣ ነገር ግን አንድ ባልዲ ውሃ ያለ ቦታው ቢደፋ ሰነዱ ለዘለዓለም ሊደመሰስ እንደሚችል ነው።

የቆምንበት መሬት

የነገሩን ክብደት ለመረዳት አስቀድሞ መሬቱን ማየት ይገባል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው ሁሉቃ ወደ ጉደር ይገባል፤ ጉደር ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ዓባይም ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በአዲስ አበባ መንገድ ወደ ምሥራቅ ብንጓዝ ግን ከጊንጪ አካባቢ ደጋ የሚነሣውን አዋሽን እናገኛለን። አዋሽ ስምጥ ሸለቆን ይዞ ይወርዳል እንጂ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ጉዞውን ይጨርሳል። ወደ ደቡብ ስንዞር ደግሞ ከወንጪ ሐይቅ የሚወጣው ውሃ በዋልጋ ወንዝ ወደ ጊቤ፣ ከጊቤ ወደ ኦሞ፣ ከኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሸነንና ወደ ጅባት ደን ብንዘልቅም የጉደርና የጊቤ ውሃዎች ጀርባ ለጀርባ የሚለያዩበትን ከፍታ እናገኛለን።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ዞንና በአካባቢው፣ በጥቂት ሰዓታት መንገድ ውስጥ፣ ሦስት መድረሻቸው ፈጽሞ የማይገናኝ ውሃዎች ይመነጫሉ። ለእኛ የአንድ ቀን ጉዞ የሆነው ለዓሣ የማይቻል ጉዞ ነው። ገደል የሚወጣ እግር፣ ሸንተረር የሚያሻግር ክንፍ የለውም። በሁሉቃ የሚኖር ዓሣ በራሱ ኃይል ወደ አዋሽ ሊገባ የሚችልበት መንገድ የለም። ስለዚህ በሁለቱም ውሃ አንድ ዓይነት የሚመስል ዓሣ ካገኘን ሁለት መልስ ብቻ ይኖራል። አንድም በጥንት ዘመን መሬት ሲነሣና ወንዞች አቅጣጫ ሲለውጡ ውሃዎቹ ተገናኝተው ነበር፤ አንድም ሰው አሻግሮታል። የመጀመሪያው መልስ የመሬታችን ታሪክ ነው። ሁለተኛው መልስ ያንን ታሪክ የሚያጠፋ ነው።

ስሞች ከየት መጡ?

በሕዝባችን ዘንድ ስም ያላቸው ዓሦች ገበያ የወጡት ናቸው። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ በዝዋይ በኩል ቢልጫ የሚባለው፣ ሁሉም የሚበሉ ናቸው። የማይበላው ትንሽ ዓሣ በአማርኛም ዓሣ፣ በአፋን ኦሮሞም ቁርጡሚ ተብሎ ይታለፋል፤ ወይም የትልቁ ግልገል እንደሆነ ይታመናል። ይህ እምነት አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ስሕተት ነው። ሙሉ ዕድሜውን ኖሮ፣ እንቁላል ጥሎ፣ አርጅቶ ከአሥር ሴንቲሜትር የማያልፍ ዓሣ አለ።

በጽሑፍ የተያዙት ሳይንሳዊ ስሞች ታሪክም ቢሆን ቀጥተኛ አይደለም። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን የጎበኘው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ከጣና አካባቢ የሰበሰባቸውን ዓሦች ገልጾ ስም አወጣላቸው፤ ደምቢያን የሚያስታውሰው ጋራ ደምቤኤንሲስ የሚለው ስም የዚያ ዘመን ውጤት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በለንደን ሙዚየም ይሠራ የነበረው ጆርጅ ቡላንዤ በርካታ ስሞችን ጨመረ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1973 ኪት ባኒስተር የትልልቆቹን ባርቦች ክምችት መርምሮ በርካታ ስሞችን ሰርዞ በአንድ ዝርያ ሥር ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ደግሞ ናጌልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በጣና ከዓሣ አጥማጆች ጋር ተቀምጠው ዓሦቹን በሕይወት እያሉ፣ ከሚበሉትና ከሚኖሩበት ስፍራ ጋር አያይዘው አጠኑ፤ በዚያው ሐይቅ ውስጥ 15 ያህል የተለያዩ የትልቅ ባርብ ዝርያዎች እንዳሉም አሳዩ። ባኒስተር የመረመረው በአልኮል የተቀመጠ ዓሣ ነበር፤ እነርሱ ያዩት በውሃው ያለውን ነው። ልዩነቱን ያመጣው ይህ ነው።

የትንንሾቹ ታሪክ ከዚህም ይገርማል። ጣና ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የተጠና ሐይቅ ነው። ይሁንና በሐይቁ ገላጣ ውሃ በብዛት የሚኖር አንድ ትንሽ ባርብ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ዛሬ ኢንተሮሚየስ ታናፔላጊየስ ይባላል፤ ከገለጹት ተመራማሪዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው እሸቴ ደጀን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን ከሜላኒ ስታይስኒ ጋር የጋራ ወገን የሆኑ አዳዲስ ዝርያዎችን ከአገራችን ገለጹ፤ ከእነርሱም አንዱ በጎጃሟ ደምበጫ ስም ጋራ ደምበጫ ተባለ። ጣናን ያህል ታዋቂ ሐይቅ ይህን ያህል ዘመን ምሥጢሩን ከደበቀ፣ ማንም ቆም ብሎ ያላያቸው የእኛ ጅረቶችማ ምን ያህል ይደብቁ ይሆን?

በእጃችን ያለው የትኛው ነው?

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ተማሪዎች ዓሣ በጠርሙስ ይዘው ሲመጡ የሚጠይቁኝ ጥያቄ «ይህ ምን ይባላል?» የሚል ነው። እኔም መልሼ የምጠይቀው «ከየት ያዝኸው?» ብዬ ነው። ይህ ጥያቄን በጥያቄ መመለስ አይደለም፤ የመለየት ሥራ የሚጀምረው ከዓሣው ሳይሆን ከውሃው ነው። ከዓባይ፣ ከአዋሽ ወይስ ከጊቤ? ከፏፏቴ በላይ ወይስ በታች? የጉደር ፏፏቴን የመሰለ ገደል ከታች ለሚመጣ ዓሣ የተዘጋ በር ሊሆን ስለሚችል የሁለቱን ወገን ዓሦች አንድ ናቸው ብሎ መነሣት አይገባም።

ቀጥሎ አፉን እንይ። ዓሣውን በስተሆዱ በኩል ስናየው አፉ ከጭንቅላቱ በታች ከሆነና ከአፉ ኋላ እንደ ትንሽ ሳንቲም ክብ የሆነ መጣበቂያ ካለው፣ የጋራ ወገን ነው። ይህ መጣበቂያ ዓሣው በኃይለኛ ጅረት ውስጥ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ አልጌ እየፋቀ እንዲመገብ ያስችለዋል። በደጋ ጅረቶቻችን ድንጋይ ስታነሡ ሽቅብ የሚፈተለከው ጠቆር ያለ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። በዓባይም፣ በአዋሽም፣ በኦሞም ተፋሰስ ለረጅም ጊዜ በአንድ ስም ሲጠራ ኖሯል። አንድ ዝርያ ነው ወይስ እርስ በርሱ የሚመሳሰል የብዙ ዝርያዎች ስብስብ የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም በምርምር ላይ ነው።

ሰውነቱ እንደ ገመድ ረዘም ያለ፣ በአፉ ዙሪያ ሦስት ጥንድ ጢም ያለው፣ ቅርፊቱ በዓይን እምብዛም የማይታይ ትንሽ ዓሣ ካገኛችሁ በጥንቃቄ ያዙት። አፍሮኔማኬይለስ የሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል። ዘመዶቹ በእስያና በአውሮፓ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ግን የሚታወቀው በኢትዮጵያ ነው። የመጀመሪያው ዝርያ በጣና አካባቢ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ስም አገኘ። ከመቶ ዓመት በላይ ያ አንዱ ብቻ እንደሆነ ሲታመን ቆይቶ፣ በ2013 የሩሲያ ተመራማሪዎች ከኦሞ ቱርካና ተፋሰስ ሁለተኛ ዝርያ አግኝተው ካፋ ብለው ሰየሙት። ልብ በሉ፤ ሁለቱን የለየው ያው ቅድም ያልኋችሁ ነገር ነው፤ የተፋሰስ ልዩነት።

አፉ ወደ ላይ የቀና፣ ጢም የሌለው፣ የጀርባ ክንፉ ወደ ጅራቱ የተጠጋ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ የሆነ ዓሣ ከአዋሽ ወይም ከስምጥ ሸለቆ ውሃ ከመጣ ላኩስትሪኮላ አንቲኖሪን ማሰብ ይገባል። ስሙ በሸዋ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ይኖር የነበረውን ጣሊያናዊውን የተፈጥሮ ተመራማሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪን ያስታውሳል፤ የተሰየመውም እ.ኤ.አ. በ1883 ነው።

የጀርባ ክንፉ ፊተኛ ክፍል እሾሃማ የሆነ፣ በጎኑ ያለው መስመር ለሁለት የተቆረጠ፣ ለስላሳው የጀርባ ክንፉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት ግልገል ከሆነ የቆሮሶ ዘር ነው። ይህንን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው በተለይ በሰው እጅ ወደ ገባበት ኩሬ ስንሄድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በባርቦቹ ላይ ነው። በአሮጌ መጻሕፍት ትልቁም ትንሹም ባርበስ ይባል ነበር። ዛሬ ትልልቆቹ ላቤዮባርበስ፣ ትንንሾቹ ኢንተሮሚየስ ተብለው ተለይተዋል። ሰባት ሴንቲሜትር የሆነ ብርማ ዓሣ ስናገኝ ገና የሚያድግ የላቤዮባርበስ ግልገል ነው ወይስ አድጎ የጨረሰ ኢንተሮሚየስ? መልሱ በቅርፊቱ ላይ ተጽፏል። አንድ ቅርፊት በመቆንጠጫ ወስዳችሁ በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው ከተዘረጉ ዓሣው ከትልልቆቹ ወገን ነው፤ ከመሃል እንደ ፀሐይ ጨረር ከተበተኑ ከትንንሾቹ ነው። የጀርባ ክንፉን ፊተኛ ጠንካራ ዘንግ በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ካለው፣ እንደ ኢንተሮሚየስ ፓሉዲኖሰስ ያሉትን እንጠረጥራለን። ልዩነቱ ውጫዊ ብቻም አይደለም። የትንንሾቹ ሴል 50 ክሮሞሶም ሲኖረው የትልልቆቹ 150 አለው። ላይ ላዩን ወንድማማች የሚመስሉት ሁለት ዓሦች በዘር ውርሳቸው ይህን ያህል የተራራቁ ናቸው።

ቀለም ላይ ግን አትደገፉ። ዓሣ ሲደነግጥ ይገረጣል፤ በጨለማ ባልዲ ውስጥ ይጠቁራል፤ ሲሞት ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል።

መዝገብ የሌለው ዓሣ

የተያዘበት ቦታና ቀን ያልተጻፈለት ዓሣ ለሳይንስ የሞተ ያህል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ከመረቡ አስቀድሞ ደብተርና እርሳስ እንዲይዝ እጠይቃለሁ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በውሃ ይጠፋል። የወንዙ ስም፣ የሚፈስበት ተፋሰስ፣ የቅርቡ መንደር ወይም ድልድይ፣ ስልካችሁ የሚያሳየው የቦታ መለኪያ፣ ቀኑ፣ የውሃው ሙቀት፣ የውሃው መልክ፣ ታችኛው ወለል ድንጋይ ይሁን ደለል፣ ይህ ሁሉ ይጻፍ።

ፎቶግራፍ የሚነሣው በሕይወት እያለ ነው። ጠባብ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ፤ ከኋላ ነጭ ወረቀት፣ ከጎን ማስመሪያ አድርጉ፤ የግራ ጎኑን፣ ከዚያም የአፉን ሥር አንሡ። አብዛኛው መለየት ከዚህ አያልፍም፤ ዓሣውም ወደተያዘበት ስፍራ በሰላም ይመለሳል። ለምርምር ናሙና ማስቀረት የግድ ሲሆን በፈቃድና በጥቂቱ ይሁን። ለዲኤንኤ የሚሆነው ትንሽ የክንፍ ቁራጭ አስቀድሞ በ96 በመቶ አልኮል ይቀመጣል፤ ገላው ከዚያ በኋላ በ10 በመቶ ፎርማሊን ይጠነክርና ወደ 70 በመቶ አልኮል ይዛወራል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ፎርማሊን ዲኤንኤን ያበላሻል። ፎርማሊን ለሰውም ጎጂ ስለሆነ ያለ ጓንትና ያለ በቂ አየር አይነካም። ናሙናው በግል መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዲለብስ ሳይሆን፣ እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ሙዚየም ባለ ቋሚ ክምችት እንዲገባ ይገባል።

በመስታወት ሣጥን ውስጥ

ዓሣን በሕይወት ማኖር ለምን ያስፈልጋል? ስለምን እንደሚመገብ፣ እንዴት እንደሚጣላ፣ መቼ እንደሚራባ የሚነግረን አልኮል ውስጥ ያለው ሳይሆን የሚዋኘው ስለሆነ ነው። ከእነዚህ ዓሦች የብዙዎቹ የመራቢያ ጠባይ ዛሬ አንድ ታታሪ ተማሪ በአንድ ዓመት ትዕግሥት አዲስ ነገር ሊጨምርበት የሚችል መስክ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ኦክሲጅን ነው። በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በባሕር ወለል ላይ ያለ ውሃ በሊትር 9.5 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል። በአምቦ ከፍታ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ያው ውሃ የሚይዘው ወደ 7.3 ሚሊግራም ይወርዳል። በመስኮት አጠገብ ፀሐይ መትቶት ወደ 25 ዲግሪ ቢሞቅ ደግሞ 6.4 ገደማ ይሆናል። በባሕር ማዶ የተጻፈ የዓሣ ማኖሪያ መመሪያ ይህን አያስብልንም። የጅረት ዓሣ፣ በተለይም ጋራ፣ ይህን ጉድለት ቀድሞ የሚቀምሰው ነው። ስለዚህ ሣጥኑ በጥላ ይቀመጥ፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ የአየር መንፊያ ይኑረው፣ የዓሣውም ቁጥር ያንስ። 60 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድና 30 ቁመት ያለው ሣጥን እስከ አፉ 54 ሊትር ይይዛል፤ ለአምስት ወይም ለስድስት ትንንሽ ዓሦች ይበቃል። መብራት ሲጠፋ፣ መጥፋቱም አይቀርም፣ በባትሪ የሚሠራ መንፊያ ከሌለ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ዓሣውን ያተርፋል።

ውሃውስ? የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በሰፊ ዕቃ ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ይደር። በአምቦ ስለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሆድ የሚስማማው የማዕድን ውሃችን ለእነዚህ ዓሦች አይስማማም። በውስጡ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የዓሣው ደም ኦክሲጅን የመሸከም አቅሙን ያዳክመዋል፤ የማዕድኑም መጠን ከጅረቱ ውሃ ጋር አይመሳሰልም።

ብዙ ጀማሪዎች ዓሣቸው በሁለተኛው ሳምንት ሲሞት «ውሃው ንጹሕ ነበር» ይላሉ። በዓይን ንጹሕ ነበር። ዓሣ የሚያስወጣው አሞኒያ ግን በዓይን አይታይም። በጅረት ውስጥ ወራጁ ያጥበዋል፤ በሣጥን ውስጥ ግን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። እንግዲህ ሣጥኑ አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ ዓሣው ኋላ ይምጣ፣ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህል ይቀየር፤ ማጣሪያውም በሳሙና አይታጠብ።

ምግቡ ቀላል ነው። ለጋራ፣ የወንዝ ድንጋዮችን በውሃ ባልዲ ፀሐይ ላይ አቆይታችሁ አልጌ ሲለብሱ እያፈራረቃችሁ አቅርቡለት። ለትንንሽ ባርቦች የትንኝ እጭና ደቃቅ የውሃ ነፍሳት ይስማማሉ። በመጨረሻም ሣጥኑን ክደኑ፤ ጋራ በመጣበቂያው እርጥብ መስታወት ላይ ሊወጣ ይችላል።

ትንሹ ዓሣ የሚሰጠው

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ለመዝናኛ ነው?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ቢሆንም ነውር አልነበረም፤ ነገር ግን አይደለም። በአሰብ ወደብ ከተማ አፋኒየስ ዲስፓር የተባለ አገር በቀል ትንሽ ዓሣ በውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ተጨምሮ የትንኝ እጭን ለመቆጣጠር የዋለበት ሥራ ተጠንቶ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሟል። በሌላው ዓለም ለዚሁ ተግባር ከአሜሪካ የመጣው ጋምቡዚያ የተባለ ዓሣ በየአገሩ ተበትኖ የየቦታውን አገር በቀል ዓሣ፣ የእንቁራሪት እጭ ሳይቀር፣ መጉዳቱ ይታወቃል። የራሱን ዓሣ የማያውቅ አገር ሌላው የሸጠለትን ዓሣ ለመቀበል ይገደዳል። የራሱን የሚያውቅ ግን አማራጭ አለው።

አደጋው

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ደርሻለሁ። በአንዳንድ አካባቢ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ውሃ ይጣላል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን ዓሣው በመተንፈሻው ያስገባውን ኦክሲጅን ሴሎቹ እንዳይጠቀሙበት ያግዳል። ለድስት የሚሆነው ትልቁ ዓሣ ይለቀማል፤ ለመቶዎቹ ትንንሾች ግን ጎንበስ የሚል የለም። በመስኖ አትክልት የሚለማበት ዳርቻ ደግሞ የፀረ ተባይ መርጫ ዕቃ በወንዙ ውስጥ ይታጠባል። ከእነዚህ መድኃኒቶች ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ለዓሣ እጅግ መርዛማ ናቸው። ያው መድኃኒት በወባ መከላከያ አጎበር ላይ ስለሚገኝ አጎበርን መረብ አድርጎ ዓሣ መያዝ ልጆቻችንን ወባ እንዲነክሳቸው ከማጋለጡ ሌላ የተያዘውንም ዓሣ ይመርዛል።

ሆኖም ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ዛሬ ለዚህ ጉባኤ ልናገረው የምሻው እኛ፣ የተማርነው፣ ልናደርሰው የምንችለውን ጉዳት ነው። ገበሬው ውሃ አያሻግርም። ልጁም የያዘውን ዓሣ ማታ ያው ወንዝ ይደፋዋል። ተሽከርካሪ ያለው፣ ከሁሉቃ ዓሣ ይዞ ሆለታ የሚያድር፣ ሲሰለቸው ወይም ለዓሣው ሲያዝንለት ወደ ቅርቡ ጅረት የሚለቀው የእኛ ዓይነቱ ሰው ነው። ሆለታ የአዋሽ ተፋሰስ ነው። በዚያች ቅጽበት ርኅራኄ የመሰለው ነገር የሁለት ተፋሰሶችን መለያ ሊሰርዝ ይችላል። የሁሉቃ ጋራና የአዋሽ ጋራ አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ጥያቄ ገና መልስ ሳያገኝ ዓሦቹ ቢዳቀሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ በዲኤንኤው ውስጥ የሚያነበው የመሬትን ታሪክ ሳይሆን የእኛን ግዴለሽነት ነው። አብሮ የሚሻገር ጥገኛ ትልና በሽታም አለ። የተቃጠለ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ሊገኝለት ይችላል፤ ለዚህ ግን ቅጂ የለውም።

አንድ ባልደረባዬ በዚህ ጉዳይ ላይ የሞገተኝን ሙግት ሳላነሣ ባልፍ ፍትሕ አይሆንም። «እንግዲያውስ ተማሪዎች ዓሣ እንዲያኖሩ ማበረታታትህ ራሱ አደጋውን አያበዛም?» አለኝ። ሙግቱ ሚዛን የሚደፋ ነው። መከልከል ቀላል፣ ለመናገርም የሚመች ነው። እኔ ግን የማያውቁትን ነገር የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። ጉደር ቢደፈርስ የሚጮህለት፣ ብርብራ ሲወቀጥ «ተው» የሚል፣ በድንጋይ ሥር ማን እንደሚኖር ያየ ሰው ነው። ስለዚህ መንገዱ እገዳ ሳይሆን ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሥርዓቱም አጭር ነው። ከማጥመዳችን በፊት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን እናንብብ፤ ከወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤትም ፈቃድ እንጠይቅ። ጥቂት እንያዝ። የሁለት ተፋሰስ ዓሣ በአንድ ሣጥን አናኑር፤ መረቡንና ባልዲውን ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ሳናጥብና ሳናደርቅ አንውሰድ። በሣጥናችን የቆየ ዓሣ ወደ ወንዝ አይመለስ፤ ወደተያዘበትም ቢሆን፤ ከሌላ ዓሣ ጋር ከቆየ በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለማኖር የወሰንን እንደሆነ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ኃላፊነቱ የእኛ ነው። ይህን ለመሸከም ዝግጁ ያልሆነ ሰው ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ ማስታወሻውን ጽፎ፣ ዓሣውን እዚያው በሰዓቱ ይልቀቅ። ያም ሙሉ ሥራ ነው።

ከዚህ ንግግር ተነሥተን የምንጀምረው ሥራ እንዲኖር እፈልጋለሁ። በመጪው የበጋ ወራት፣ ውሃው ሲጠራና ሲጎድል፣ ከሦስቱ ተፋሰሶች ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ጅረቶችን መርጠን፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ፣ በፎቶግራፍና በማስታወሻ ብቻ የሚኖርባቸውን እንመዝግብ። ከጊንጪ፣ ከሸነን፣ ከጉደር፣ ከሆለታ የመጣችሁ ተማሪዎች በዓመት ዕረፍታችሁ የምትሻገሩት ድልድይ ሥር ያለው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። አባቶች የወንዙን መንገድ ያውቃሉ፤ ዓሣው በየትኛው ወር ሽቅብ እንደሚወጣ የሚነግራችሁም አይጠፋም። እናንተ የምትጨምሩት ስሙንና መዝገቡን ነው። ቅጹ በትምህርት ክፍሉ ቢሮ ይገኛል፤ ማጉያ መነጽርና ማስመሪያም እናውሳለን።

 ጥያቄ ካለ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።